አገር ያልተሰጠው ሰው

«ስም ነው!» አሉ ቄስ ኪዳነማርያም የንፍሮ ሳህናቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው። «ሰው ስሙን ይዞ ሲመጣ ማን ልብ ይለዋል? ሲሄድ ግን ስሙ ለወዳጅም ለጠላትም ይቀራል። ስም ነው፤ አለቀ ደቀቀ!»

በለቅሶው ድንኳን ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ አሕመድኑርን አየ። አሕመድኑር ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ጋቢውን እንደተከናነበ ራሱን ነቀነቀ።

«አይደለም፣ አባ።»

«እንዴት አይደለም?»

«አይደለማ! ምን ላድርግዎት? እኔ የተቀመጠብኝን አማና ነው የምጠብቅ።»

«እንግዲያማ የተሳሳተው ሟቹ ነው» አሉ ቄሱ ቆጣ ብለው። ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ አላቸውና «ነፍሱን ይማረው» ብለው አማተቡ።

ፍራሽ ላይ በሴቶች መሀል የተቀመጠችው ብርሀንነሽ ፈገግ አለች። ሟቹ ባሏ ነው፤ ልብስ ሰፊው አሻግሬ። የተቀበረው ትናንት ነው። እንደ ወጉ ቢሆን እሷ ከውስጥ፣ ከቤቱ፣ ከሴቶቹ ጋር መቀመጥ ነበረባት። «እዚያ ሆኜ ምን ይሰማኛል?» ብላ ፍራሿን ወደ ድንኳኑ አስወጥታለች።

«አየሻት?» አለች ጎረቤቷ አበቡ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ አጠገቧ ላለችው ሴት። «ባሏን ትናንት አፈር አልብሳ ዛሬ ጥርሷን ታሳያለች። ትናንትም እኮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም።»

«ድንጋጤ ይሆናላ።»

«ድንጋጤ ያስለቅሳል እንጂ መቼ ያስቃል? ኧረ ጉድ ነው!»

አበቡ ክፉ ሰው አይደለችም። ለቅሶ ላይ ይለቀሳል ብላ ታምናለች፤ ያን ያህል ነው። መካነ ሰላም ውስጥ እንኳን ለባል፣ ገደል ለገባ የጎረቤት በሬም ደህና ተደርጎ ይለቀሳል። ብርሀንነሽ ግን ስለማልቀስ የምታስብ አትመስልም። ዓይኗ ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው ይዞራል። የገባው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎ ሲቀመጥ ጠጋ ብላ «አንተስ ምን መሰለህ?» ትለዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሻግሬ ለሕክምና ደሴ ሲሄድ፣ መናኸሪያ ላይ አንገቱን በመኪናው መስኮት አውጥቶ «እንቆቅልሽ!» አላት።

«ምን አውቅልህ» አለች ስንቁን በመስኮት እያቀበለችው።

«ይዤው ስመጣ አይታይም፤ ጥዬው ስሄድ ይታያል።»

መኪናው መልሱን ሳታገኝ ተነሳ። አሻግሬ የተመለሰው በሬሳ ሳጥን ነው። እንቆቅልሹ ግን እንደታሰረ ነው፤ ብርሀንነሽም አገር አልሰጠችም።

አገር መስጠት መሸነፍ ነው። መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አንዱን አገር ጠርቶ ይሰጣል። አሸናፊው የተሰጠውን አገር በአፉ ይገባና ይበላል፣ ይጠጣል፣ በተሸናፊው ላይ ያላግጣል፤ መልሱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይኸን ልጅም አዋቂም ያውቀዋል። ብርሀንነሽ ታዲያ ከአሻግሬ ጋር ሠላሳ ምናምን ዓመት ስትኖር አንድም ቀን አገር ሰጥታው አታውቅም። ታስባለች። ሳምንትም ቢሆን ታስባለች። አንዴ ፍልሰታን ሙሉ አስባ፣ ቆራቢው ሁሉ ቆርቦ ሲመለስ፣ እሷ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «አገኘሁት!» ብላ ጮኻ ካህናቱን አስደንግጣለች። የሰፈሩን ልጆች፣ ጎረቤቱን፣ የወረዳውን ሹማምንት ሳይቀር አገር ያሰጠ ሰው እሷ ዘንድ ሲደርስ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

«አገር ካልሰጠሁ ጨዋታው አላለቀም» ትላለች አሁንም። ጨዋታው ካላለቀስ? እሱን አትናገረውም። የሚሰማት ሰው ግን በሆዱ ይጨርሰዋል፤ ጨዋታው ካላለቀ አሻግሬም አልሄደም ማለቷ ነው። ይኸ ነው የብርሀንነሽ ነገር። ከዚህ ድንኳን ሳትሸነፍ መውጣት ትፈልጋለች፤ ሳትሸነፍ እስከቆየች ድረስ ደግሞ ባሏን አትሸኝም።

አሻግሬ የስፌት መኪናውን ገበያው ዳር ካለው የአሕመድኑር ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ ዘርግቶ ነበር የሚውለው። ሱሪ ያሳጥራል፣ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ መንገደኛውን ደግሞ በቃል ይተነኩሳል። ሱሪህን ልታሳጥር መጥተህ እንደሆን በእንቆቅልሽ ሳትፈተን ሜትሩ አይነካህም። የገበያ ዕለት በሱቁ ብረት በር ላይ በጠመኔ ሰንጠረዥ ያሰምርና ፊደል ይዘራበታል። ወደ ጎን፣ ወደ ታች፣ በሰያፍ የተደበቁ የእህልና የከብት ስሞች አሉበት። ገብስ ሊሸጥ የመጣው ገበሬ አህያውን እንደያዘ፣ ተማሪው ደብተሩን እንደያዘ፣ በሩ ፊት ተገትሮ «ባቄላ! ባቄላ ከታች ወደ ላይ ተሰቅላለች!» ሲል ይውላል።

«ደንበኛዬን ደጅ አስቀረኸው እኮ» ይላል አሕመድኑር። «ወላሂ፣ ሱቄን በፊደል ልትዘጋው ነው!»

«ቃል ሊፈልግ የመጣ ሰው አንድ ሜትር አቡጀዲ ሳይገዛ አይሄድም» ይላል አሻግሬ ራሱን ቀና ሳያደርግ።

እውነቱን ነው፤ ይገዙ ነበር። የጨርቅ ቁርጥራጭ እንኳ በከንቱ አይጥልም። በየቁራጩ ላይ ፊደል ጠልፎ በከረጢት ያስቀምጣል፤ ማታ ማታ ከከረጢቱ እፍኝ ይታፈስና ረጅም ቃል የሠራ ያሸንፋል። ልጁ እሌኒ ፊደል የቆጠረችው በእነዚያ ጨርቆች ነው። ሀ ከካኪ ሱሪ፣ ለ ከሙሽራ ቀሚስ፣ ሐ ከአንድ ዳኛ ካፖርት ገበር።

ሐሜትም ነበረበት። መልሱ ሊገኝበት ሲል ይቀይራል ይሉታል። «ጥላ ነው» ብለህ ስትመልስ «አይ፣ ጭስ ነው» ይልሃል፤ ጭስ ብትል ኖሮ ጥላ ይሆን ነበር። ይኸን ያስቆመችው ብርሀንነሽ ናት። «ከእንግዲህ ሳትጠይቅ በፊት መልሱን ለአሕመድኑር በጆሮው ንገረው። እሱ ዳኛ ይሁን» አለች። አሕመድኑርም ዳኝነቱን የቀልድ አላደረገውም። ጆሮው የገባ መልስ እንቆቅልሹ እስኪፈታ ወይ አገር እስኪሰጥ ከአፉ አይወጣም። የገዛ ሚስቱ «ለኔ እንኳ?» ብላ አኩርፋው ታውቃለች።

ያን ዕለትም፣ መናኸሪያው ላይ፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት አሻግሬ ጠርቶት ጆሮው ላይ ሹክ ብሎታል። እንግዲህ መልሱን የሚያውቅ አሁን በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ምስኪን አሕመድኑር ለቅሶ ደርሶ ሻዩን በሰላም መጠጣት ያቃተው ለዚህ ነው።

«ጥላ ነው?» ትለዋለች አንዷ ስኒውን ስታቀብለው።

«አይደለም።»

«ልጅ ነው?»

«አይደለም።»

«ዕዳ ነው!» አለ አንድ ባለሱቅ ከካርታ ጨዋታው ቀና ብሎ። «ይዘኸው ስትዞር ማንም አያይብህም፤ ጥለኸው ስትሞት ልጆችህ ያዩታል።»

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ትዝ አለውና አፉን ያዘ። ብርሀንነሽ ብቻ ሳታፍር ሳቀች። «ይኼስ ቀርቦ ነበር» አለች ወደ አሕመድኑር እያየች፤ ፊቱ ላይ ምልክት ፈልጋ ነው። አሕመድኑር ፊቱን ወደ ስኒው ደፋ።

አመሻሹ ላይ እሌኒ አሕመድኑርን ተከትላ ወጣች። እሌኒ ደሴ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራ። አባቷን ያስታመመችውም፣ ሬሳውን ይዛ የመጣችውም እሷ ናት። ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት አብጧል።

«ጋሼ፣ ለኔ ይንገሩኝ» አለችው ከድንኳኑ ጀርባ። «እኔ ድንገት እንደመጣልኝ አድርጌ ጣል አደርግላታለሁ። ትፍታው፤ ታሸንፍ። ከዚያ እንኳ ታልቅስልኝ።»

«አማና ነው፣ ልጄ።»

«አማናውን ያስቀመጠው እኮ ሞቷል!»

«እሱ ነው የከበደኝ። በሕይወት ቢኖርማ ሄጄ ‹እንካ መልስህን፣ ጆሮዬን ልቀቀኝ› እለው ነበር። አሁን ለማን ልመልስ?»

«ደም ግፊት አለባት። እንዲህ አምቃ አምቃ አንድ ቀን ትወድቅብኛለች። አባቴን ቀበርኩ፤ እሷን ደግሞ…»

«አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አላት ትከሻዋን እየዳበሰ። የራሱም ዓይን ቀልቷል።

እሌኒ እዚያው ድንኳኑን ተደግፋ ቀረች። የመጨረሻው ስልክ ነው ከጆሮዋ አልወጣ ያላት። አባቷ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ስልኩን እሷ ይዛለት፣ እናቷ ከመካነ ሰላም እየጮኸች።

«ጥላ ነው አይደል?»

«አይደለም።»

«ሽታ ነው። የሎሚ ሽታ።»

«አይደለም። ብርሀኔ፣ ዛሬስ አገር ስጪኝ።»

«ኧረ ወግድ! ቆሜ እያለሁ?»

«አንድ አገር ምን ይጎዳሻል? ትንሽ አገር ትሁን።»

«ከፈለግህ መጥተህ ውሰድ!»

አባቷ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ስልኩ ሲዘጋ «እናትሽ አገር ንፉግ ናት» አላት ለእሌኒ። ቀልዱን ነው፤ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም። አባቷ ለቀልድ ብሎ ሲለምን ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ያን ዕለት የለመነው የእውነቱን መሰላት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አልተደዋወሉም።

የሰልስቱ ዕለት ጸሎቱ ተደርሶ፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ፣ ከወረኢሉና ከአጅባር የመጡት ዘመዶች መሳፈሪያቸውን ማሰብ ሲጀምሩ፣ የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ወጉ ነው። ድንኳኑ ደግሞ ማዶ ሰፈር ሌላ ለቅሶ ይጠብቀዋል።

«ማን ፍቱ አላችሁ?» አለች ብርሀንነሽ።

የእድሩ ሰው ገመዱን እንደያዘ ቆመ። «እትዬ፣ ሰልስቱ አለፈ እኮ…»

«እንቆቅልሹ አልተፈታም። ድንኳኑ አይነሳም!»

ይኸኔ ነው ሰዉ የደነገጠው። እስካሁን ጨዋታ ነበር፤ ለሐዘንተኛም ለእንግዳም ቀኑን የሚያቀል ጨዋታ። አሁን ግን የምሯን መሆኑን ሁሉም አየ። እሌኒ «እማዬ» ብላ ልትይዛት ስትል ገፋቻት። ሲያማት የከረመችው አበቡ እንኳ ሐሜቱ ጠፍቶባት በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ስቅስቅ አለች።

አሕመድኑር ከአግዳሚው ተነሳ። መጥቶ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እታለም።»

«መልሱን እንዳትነግረኝ!»

«አልነግርሽም። አንድ ነገር ጠይቄሽ ልሂድ ብዬ ነው።»

«ጠይቅ።»

«ያሸነፈ ሰው አገር እስኪሰጠው ድረስ የት ነው የሚቆየው?»

ብርሀንነሽ አየችው። «የትም። ይጠብቃላ።»

«የት ሆኖ?»

የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች።

«አሻግሬ በረንዳዬ ላይ ምን ያደርግ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቅ። መልሱ ሲጠፋባቸው ከስፌት መኪናው ይነሳል። ‹አገሬን እስክትሰጡኝ አልቀመጥም› ብሎ ደፉ ላይ ይገተራል። ዝናብ ቢሆን ፀሐይ ቢሆን። ‹ኧረ ተቀመጥ፣ ሰው ሱሪውን ይጠብቃል› ብለው በጄ አይልም። ከቀበርነው ወዲህ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እንደዚያ ሆኖ ነው የሚመጣብኝ። ወላሂ እታለም፣ መልሱ አይደለም የከበደኝ። ሰውየው ቆሞ ነው ያለው።»

ብርሀንነሽ ወደ ድንኳኑ መግቢያ ዞራ አየች።

«እግሩ ያብጥ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ከዚያ መኪና ፔዳል የተነሳ። ማታ ማታ በለብታ ውሃ ነው የምዘፈዝፍለት። መቆም እኮ አይችልም።» ቀና አለች። «ወንድምዓለም፣ መቆም አይችልም!»

«አይችልም፣ እታለም።»

«አገር ልስጠው እንግዲህ። በቃ፤ ተሸነፍኩ።»

የድንኳኑ ሰው አፍ ያወጣው ያኔ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ያልተሸነፈች ሴት ስትሸነፍ ዝም ተብሎ አይታይም።

«ደሴን ስጪው!» አለች አበቡ እንባዋን ሳትጠርግ። «ትልቅ ከተማ ነው።»

«ደሴማ የሞተበት አይደል እንዴ! ወረኢሉን ስጪው፤ ቅቤና ማር ይጠግባል።»

«አጅባርን! በሬውን መርጦ ያርዳል!»

«አዲስ አበባን ስጪው እንጂ፣ ምን አስቆጠበሽ?»

«ኢየሩሳሌምን» አሉ ቄስ ኪዳነማርያም በለሆሳስ፤ ብዙ ሰው «እውነት ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ኢየሩሳሌምን እግዜር ይስጠው፣ አባ» አለች ብርሀንነሽ። «እኔ የምሰጠው የራሴን ነው። ደጎሎን ሰጠሁት።»

ወጣቶቹ ምንም አልመሰላቸውም፤ ደጎሎ ያው ገበያና መኪና ያለበት የጃማ ከተማ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ።

ብርሀንነሽ የደጎሎ ልጅ ናት። አባቷ ዓባይነህ የገብስና የስንዴ ነጋዴ፣ ከሰው ጋር በር ለመጋራት የማይወዱ ኩሩ ሰው ነበሩ። አሻግሬ በወጣትነቱ የስፌት መኪናውን በአህያ ጭኖ ከገበያ ገበያ ሲዞር እዚያ አያት። ሽማግሌ ላከ፤ እሱም ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ኋላ መጣ። ዓባይነህ በር አላስከፈቱም። ሽማግሌዎቹ ፀሐዩ ላይ ቆመው ቆመው እግራቸው ሲዝል ከውስጥ አንድ ቃል ወጣላቸው፤ «ያንን ቡቱቶ ጠጋኝ ይዛችሁልኝ ሂዱ። ሁለተኛ ደጎሎ እንዳላየው!» ብርሀንነሽ ቃሉን ከጓዳ ሆና ሰማችው። ወር ሳይሞላ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ አሻግሬን ተከትላ መካነ ሰላም ገባች።

አሻግሬ ከዚያ ወዲህ ደጎሎን አልረገጠም። ለጨርቅ ግዢ ሲሄድ መኪናው እዚያ ለሻይ ከቆመ እሱ ከወንበሩ አይወርድም። አማቱ ሲሞቱ እንኳ ብርሀንነሽን ሸኝቶ ከከተማው ውጭ መንገድ ዳር ቀረ። «አልተጠራሁም» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብቻውን አለቀሰላቸው። በጨዋታም ቢሆን ደጎሎን ሲሰጡት «ሌላ ቀይሩልኝ» ነበር የሚለው። ብርሀንነሽም አንድ ቀን «ና፣ አብረን እንግባ» አላለችውም። ብላው እምቢ ቢላትስ? እያለች ዓመቱ ሄደ። በአባቷ አፍራ፣ ስለ አባቷ ከባሏ ጋር ማውራት ፈርታ፣ አገሯን ስትነፍገው ኖረች።

«ደጎሎን» አለ አሕመድኑር። ያን ሁሉ ቀን ያፈነው ነገር ከቁጥጥሩ ውጭ ሆነና «ዱካ ነው!» ብሎ ጮኸ። «መልሱ ዱካ ነው፣ እታለም! የእግር ዱካ!»

«ዱካ!» አለ ድንኳኑ በአንድ አፍ። ቄስ ኪዳነማርያም ጭናቸውን መቱ። የእድሩ ሰው ገመዱን ለቀቀና ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ፤ እግሩን ሲያነሳ መሬቱ ላይ የቀረውን።

«ዱካ» አለች ብርሀንነሽ። «በእግሩ ይዞት ሲመጣ አይታይ። ረግጦት ሲሄድ…» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይኸን አጣሁት? እኔ? ይኸን!» ሳቀች፤ ከልቧ ሳቀች፣ ትከሻዋ እስኪናጥ። መናጡ አልቆም ሲል እሌኒ ቀድማ ገባት። ሮጣ ከጎኗ ተንበረከከች፤ እናቷ አሁን አልገፋቻትም። ልጇ ደረት ላይ ተደፍታ፣ ሳቁ የት ጋ እንዳለቀ ሳይታወቅ፣ «አሻግሬ! አሻግሬዋ!» እያለች አለቀሰች። ሴቶቹ ተቀበሏት። አበቡም እንደ ወጉ፣ ደህና አድርጋ አለቀሰች።

ትንሽ ቆይቶ ብርሀንነሽ በነጠላዋ ፊቷን ጠርጋ ቀና አለች። አሕመድኑር እዚያው መሬት ላይ በጋቢው ውስጥ ተሸፍኖ ነበር።

«አንተ» አለችው። ድምፏ ሻክሯል፤ ቁጣዋ ግን የድሮው ነው። «ምን አስቸኮለህ? ሳይገባ መልስ ይነገራል? የት ያየኸው ሥርዓት ነው?»

«አምልጦኝ ነው፣ እታለም።»

«አስገባው እንጂ! ዳኛው አንተ አይደለህ? እሱ በሌለበት የምታስገባው አንተ ነህ።»

አሕመድኑር ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። በሕይወቱ ሲዳኝ እንጂ ሲፎክር ማንም ሰምቶት አያውቅም።

«ደጎሎ ገብቼ…» አለ፤ አቆመ። «ደጎሎ ገብቼ ምን አጥቼ…»

«ቀጥል።»

«ድፎው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ…»

«መጀመሪያ በሩን ከፈቱልኝ በል።»

«በሩን ከፈቱልኝ።»

«ዓባይነህ ራሳቸው ወጥተው ተቀበሉኝ በል።»

«ዓባይነህ ራሳቸው ወጥተው ተቀበሉኝ።»

«እጄን አስታጠቡኝ በል።»

«እጄን…» አሕመድኑር እንባው ጢሙ ውስጥ ገባ። «እጄን አስታጠቡኝ።»

«‹ልጄ፣ ከመንገድ ነህ፤ እግርህ ደክሟል› አሉኝ በል።»

«‹ልጄ› አሉኝ፣ እታለም። ‹እግርህ ደክሟል› አሉኝ።» ከዚያ በኋላ ያለውን ሳትነግረው ራሱ ጨመረ። ድምፁንም አነሳ፤ ከድንኳኑ አልፎ መንገድ ላይ ያለ ሰው እስኪዞር ድረስ። «ከሁሉ በላይ ያለውን መደብ አነጠፉልኝ! ደጎሎ ገብቼ ምን አጥቼ! ምንም!»

ብርሀንነሽ አንድ እጇን በእሌኒ ትከሻ ላይ፣ አንዱን በመሬቱ ላይ ተደግፋ፣ ከፍራሹ ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ትልቅ እንግዳ ከበር ሲገባ እንደሚደረገው ወገቧን ጎንበስ አድርጋ «ኖር» አለች።

ሴቶቹ ተከትለዋት ተነሱ። ወንዶቹም፣ ቄሱም፣ የእድሩ ሰዎችም ተነሱ።

«በእግዜር» አለ አሕመድኑር በአሻግሬ ፋንታ።

ብርሀንነሽ ከፍራሿ ዳር ያለውን ትራስ አንስታ በመዳፏ አራገፈችው፤ መልሳም አስቀመጠችው።

«በል ተቀመጥ፣ አሻግሬ» አለች። እስኪቀመጥ ጥቂት ጠብቃ፣ እሷም ከጎኑ ተቀመጠች።